የንጣፉ ውፍረት

በቢልመር ፎቆች በረንዳ ላይም ሆነ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ ወደ ሰማይ ያንጋጠጠ ዲሽ ሁሉ ከፊቱ አንዲት ትንሽ ዕቃ ተደቅናለች። ባለሙያዎቹ ኤልኤንቢ ይሏታል። ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት እዚያ ሲደርስ እጅግ የደከመ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀበለው ትራንዚስተር የራሱን ጫጫታ የማይጨምርበት መሆን አለበት። ለዚህ ሥራ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተመረጠው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጃፓናዊው ታካሺ ሚሙራ በፉጂትሱ የፈለሰፈው ዓይነት ትራንዚስተር ነው። ልዩ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ ከሰጧቸው አቶሞች ተለይተው በሌላ ንጣፍ ውስጥ ይሄዳሉ። የሀገር ቤት ድምፅ ስደተኛው ቤት የሚገባው፣ እነሱም ከቤታቸው በተለዩ ኤሌክትሮኖች በኩል ነው።

ይህን ደስ የሚል መመሳሰል ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ከሥሩ ያለው ጥያቄ የዋዛ አይመስለኝም። መለየት ነጻ ያወጣል ወይ? የሚያወጣ ከሆነስ፣ የወጣው ሰው የቀረውን ምን ይለዋል? ከፊዚክስ ሥነ ምግባር እንደማይቀዳ አውቃለሁ። ኤሌክትሮን አያፍርም፣ አይናፍቅም፣ ውለታም አይቆጥርም። ነገር ግን እኛ በእንባና በቁጣ የምንነጋገርበትን ጉዳይ ፊዚክስ በመለኪያ ይነጋገርበታል። መለኪያው መልሱን ባይሰጠንም፣ ጥያቄያችንን በትክክል መጠየቃችንንና አለመጠየቃችንን ሊያሳየን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሊየም አርሰናይድ የሚባል ሴሚኮንዳክተር አለ። አንድ ንጣፉን በሁለት የአሉሚኒየም ጋሊየም አርሰናይድ ንጣፎች መካከል እናስገባው። ሥራው የሚሠራው አየር በሌለበት ዝግ ክፍል ውስጥ ነው፤ አቶሞቹ ተንነው እየመጡ፣ እንጀራ በእንጀራ ላይ እንደሚነባበር፣ ድርብ በድርብ ላይ ያርፋሉ። የመሃሉ ንጣፍ ውፍረት 10 ናኖሜትር ቢሆን ወደ 35 የአቶም ድርብ ገደማ ነው። የሰው ፀጉር ከዚህ በሺዎች እጥፍ ይወፍራል። ለኤሌክትሮን የመሃሉ ንጣፍ ዝቅ ያለ ቦታ፣ ግራና ቀኙ ደግሞ ከፍ ያለ ግድግዳ ነው። ስለዚህ የኳንተም ጉድጓድ ይሉታል።

በዚህ ጉድጓድ ያለ ኤሌክትሮን በንጣፉ ርዝመትና ስፋት እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን መንገድ የለውም። ጉልበቱም በፈለገው መጠን አይሆንም። እንደ ደረጃ የተለያዩ እርከኖች አሉ፤ በሁለት እርከኖች መካከል መቆሚያ የለም። ይህን በ1974 ሬይ ዲንግልና ባልደረቦቹ በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ በብርሃን አዩት፤ ንብርብሩ ብርሃኑን የዋጠው ደረጃ በደረጃ ነበር። ዝቅተኛው እርከን ራሱ ወለሉ ላይ አይደለም። ጉድጓዱ በጠበበ ቁጥር እርከኑ ከፍ ይላል። ጠባብ ቦታ የገባ ኤሌክትሮን አርፎ አይተኛም።

ጉድጓዱ ብቻውን ግን ባዶ ነው። ንጹሕ ጋሊየም አርሰናይድ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ኤሌክትሮን የለም ማለት ይቻላል። ኤሌክትሮን እንዲኖር ባዕድ አቶም መጨመር ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ሲሊከን። ጋሊየም ለትስስር የሚያውላቸው ኤሌክትሮኖች 3 ናቸው፣ ሲሊከን 4 አለው። በጋሊየም ቦታ የገባ ሲሊከን አንዱን ይለቃል። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። የሰጠው ሲሊከን ጎድሎ፣ አዎንታዊ ሙሌት ይዞ እዚያው ይቀራል። በአጠገቡ የሚያልፈውን ኤሌክትሮን ሁሉ ይስባል፣ መንገዱን ያስታል። ብዙ ኤሌክትሮን ለማግኘት ብዙ ሲሊከን ቢጨመር መሰናክሉም አብሮ ይበዛል። ሰጪውና አሰናካዩ አንድ ነው። በሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

መፍትሔው በ1978 እዚያው ቤል ላቦራቶሪ መጣ። ዲንግል፣ ሆርስት ሽቶርመር፣ አርተር ጎሳርድና ዊሊያም ዊግማን ሲሊከኑን ጉድጓዱ ውስጥ መጨመር ትተው ግድግዳው ውስጥ ብቻ አስቀመጡት። ኤሌክትሮኑ ዝቅ ወዳለው ቦታ ይወርዳል፤ ሲሊከኑ ግድግዳው ውስጥ ይቀራል። ሰጪና ተቀባይ በተለያየ ንጣፍ ሆኑ። ኤሌክትሮኖቹም፣ በተለይ በብርቱ ቅዝቃዜ፣ ከዚያ በፊት ባልታየ ቅለት ይሄዱ ጀመር። በ2021 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ይፋ በተደረገው እጅግ የጠራ ናሙና ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ሳይደናቀፍ አንድ ሦስተኛ ሚሊሜትር ገደማ ይጓዛል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጡ የአቶም ረድፎችን አልፎ ነው።

መንገዱ ሲጠራ ማንም ያልጠበቀው ነገርም ታየ። በ1982 ዳንኤል ሱዪ፣ ሽቶርመርና ጎሳርድ ኤሌክትሮኖቹን በብርቱ ማግኔት ውስጥ ሲያኖሯቸው፣ በጋራ እየተንቀሳቀሱ የአንድ ኤሌክትሮን ሙሌት ሲሶ ያለው ነገር እንዳለ ዓይነት ጠባይ አሳዩ። ሮበርት ላፍሊን ምክንያቱን አስረዳ፤ በ1998 ከሱዪና ከሽቶርመር ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ። እዚህ ኔዘርላንድስ ደግሞ በ1988 የዴልፍት ዩኒቨርሲቲና የፊሊፕስ ተመራማሪዎች እንዲህ ባለ ንጣፍ ውስጥ ጠባብ በር አበጅተው፣ በሩን ቀስ በቀስ ሲከፍቱት ጅረቱ እኩል እኩል በሆኑ እርከኖች እየዘለለ ሲጨምር አዩ። በካምብሪጅም በዚያው ዓመት ለብቻው ታይቷል። ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቻቸው አጠገብ ሆነው በየደረሱበት ቢደናቀፉ ኖሮ ይህ ሁሉ ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያው መለየት ነጻ ያወጣል» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ግን አንድ ዝርዝር ቀርቷል። በሲሊከኑና በጉድጓዱ መካከል ምንም ያልተጨመረበት ስስ ንጣፍ ይተዋል፤ ሥራው ማራቅ ብቻ ነው። ይህ መለያያ በቀጠነ ቁጥር የሲሊከኑ ስበት ኤሌክትሮኖቹን ያውካል። በወፈረ ቁጥር እውከቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ወደ ጉድጓዱ የሚወርዱት ኤሌክትሮኖችም ያንሳሉ። ኤሌክትሮኖቹን ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ሰብስቦ የሚይዛቸው የዚያ የጎደለው ሲሊከን ስበት ነውና። ከመጠን በላይ ከወፈረ ደግሞ ቅለቱ ራሱ መልሶ ይበላሻል። ኤሌክትሮኖች ብዙ ሲሆኑ በንጣፉ ውስጥ የቀረውን ርኩሰት አንዱ ለሌላው ይከልላሉ፤ ሲሳሱ ከላያ ያጣሉ፣ እያንዳንዱ ለጥቂቱ እንቅፋት ሁሉ ይጋለጣል። ስለዚህ በላቦራቶሪ የሚጠየቀው ጥያቄ «ይለዩ ወይስ አይለዩ?» አይደለም። «መለያያው ምን ያህል ይወፍር?» ነው።

ፍልስፍናውን ለማግኘት ከአምስተርዳም ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ባሩክ ስፒኖዛ በ1632 እዚሁ ተወለደ። በ1656፣ ገና 23 ዓመቱ ሳለ፣ የአይሁድ ማኅበረሰቡ አወገዘው። ውግዘቱ ማንም እንዳያናግረው፣ ከእሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳያድር፣ ከአራት ክንድ ባነሰ ርቀት እንዳይቀርበው ያዝዛል። የመለያያውን ውፍረት በክንድ ለክተው ሰጡት ማለት ነው። እሱ ግን ባዶ አልቀረም። የመነጽርና የአጉሊ መነጽር ብርጭቆ እየሞረደ፣ ከወዳጆች ጋር ደብዳቤ እየተጻጻፈ፣ በ1677 ዘ ሄግ ላይ እስኪሞት ድረስ አሰበ፣ ጻፈ። ከለላ የሆኑት ወዳጆች ነበሩት።

ስፒኖዛ በ1674 በጻፈው አንድ ደብዳቤ ስለተወረወረ ድንጋይ ይናገራል። ድንጋዩ በአየር ላይ ሳለ አእምሮ ቢኖረው፣ መሄዱን እንጂ የወረወረውን ስለማያውቅ፣ በገዛ ፈቃዴ እሄዳለሁ ብሎ ያምን ነበር ይላል። ሰዎችም ነጻ ነን የምንለው ፍላጎታችንን እያወቅን ምክንያቱን ስለማናውቅ ነው ባይ ነው። ይህ ወቀሳ የእኛን ኤሌክትሮን በቀጥታ ያገኘዋል። ሳይደናቀፍ መሄድ ነጻነት አይደለም። ኤሌክትሮኑ የሚሄደው ቮልቴጁ ወደገፋው ነው፤ ማንም መንገዱ ላይ ስላልቆመ ብቻ ነጻ ብለን ጠራነው። ከዘመድ ዓይን ርቆ፣ «የት ዋልክ?» የሚለው ሳይኖር፣ ከሥራ ወደ ቤት በሜትሮ የሚመላለስ ሰውም እንቅፋት የለበትም። ግን የሚሄደው የቤት ኪራዩና የሥራ ፈረቃው ወደገፋው ነው። ለስፒኖዛ ነጻነት የሚጀምረው የሚያንቀሳቅሰንን ምክንያት ስናውቀው ነው። እንግዲህ ርቀት መንገድ ይጠርጋል እንጂ ብቻውን ነጻ አያወጣም። ከወዲያ ማዶ ማን እንደያዘን፣ ጎድሎ የቀረው ማን እንደሆነ ማወቅ የነጻነቱ ጠላት ሳይሆን አንዱ ክፍሉ ነው።

ቢልመር ራሱ በመለየት ላይ የተሠራ ሠፈር ነው። ዕቅዱን የመራው ሲግፍሪድ ናሱት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት በ1968 ነው። ሐሳቡ የዘመኑ ታላላቅ አርክቴክቶች እምነት ነበር። መኖሪያ ከሥራ ይለይ፣ መኪና ከእግረኛ ይለይ፤ ሰው ያኔ ብርሃን፣ አየርና አረንጓዴ ያገኛል፣ ነጻ ይወጣል። ፎቆቹ እንደ ማር እንጀራ ስድስት ማዕዘን እየሠሩ ተዘረጉ፤ እያንዳንዱ አሥር ፎቅ የሚሆን፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ያሉት። መኪናው ከፍ ባለ መንገድ በላይ፣ እግረኛውና ብስክሌቱ በታች፣ በዛፎች መካከል ሄዱ። ከፎቆቹ ሥር ያለው ምድር ቤት ደግሞ የዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። ንጣፍ በንጣፍ ላይ የተነባበረ ከተማ!

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ይመጣሉ የተባሉት የሆላንድ መካከለኛ ቤተሰቦች ግን አትክልት ቦታ ያለውን ቤት መረጡ። የመጡት ሌላ ቦታ በቀላሉ ቤት የማያገኙት ነበሩ፤ በ1975 ነጻነት ዋዜማና ማግስት ከሱሪናም፣ ቀጥሎ ከአንቲልስ ደሴቶች፣ ከጋና፣ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች፣ ከእኛም ዘንድ። ከመንገዶቹ ሥር ያለው መተላለፊያ ጨለመ። ምድር ቤቱ መስኮት ስለሌለው የሚያልፈውን የሚያይ ዓይን አልነበረም፤ ወንጀል በዛ። መኪናውና እግረኛው በደንብ ተለያይተው ነበር፤ ከመለያየታቸው የተነሣ አንዱ ለሌላው ከለላ መሆን አልቻለም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ብዙ ፎቆች ፈረሱ፣ ብዙዎቹ ከፍ ያሉ መንገዶችም ወደ መሬት ወረዱ።

ካልፈረሱት አንዱ ክላይበርግ ነው። 500 ቤቶች ያሉት፣ 400 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ ነው። ሊፈርስ ሲል አልሚዎች በአንድ ዩሮ ገዙት። ምድር ቤት የነበሩትን የዕቃ ማስቀመጫዎች ወደየፎቁ አወጧቸው፤ ምድሩን ለሰው ከፈቱት፣ መተላለፊያዎቹን አሰፏቸው፤ የቤቶቹን ውስጥ ደግሞ ነዋሪው ራሱ እንዲጨርሰው ተዉለት። በ2017 ለአውሮፓ ሥነ ሕንፃ የሚሰጠውን የሚስ ቫን ደር ሮኸ ሽልማት አገኘ። ፎቁ ያው ፎቅ፣ ንብርብሩ ያው ንብርብር ነው። የተለወጠው የመለያያው ውፍረት ነው። የፊተኞቹ ዕቅድ አውጪዎች ስለ መለየት ብዙ አስበው ነበር፤ ስለ ውፍረቱ ግን በቂ ጥያቄ የጠየቁ አይመስለኝም።

ኤሌክትሮንና ሰው የማይመሳሰሉበትን ቦታም የሚያሳየን ይኸው ቢልመር ነው። እሑድ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1992 ማታ፣ የኤል አል ዕቃ ጫኝ ቦይንግ 747 አውሮፕላን ኽሩኔቬንና ክላይን ክራውትበርግ በሚባሉት ፎቆች ላይ ወደቀ። መጀመሪያ የሞቱት ከ200 ይበልጣሉ ተብሎ ተፈራ። በመጨረሻ ይፋ የሆነው ቁጥር 43 ነው፤ ከነዚህ 4ቱ አውሮፕላኑ ላይ የነበሩ ናቸው። ቁጥሩ እንዲህ የተራራቀበት አንዱ ምክንያት፣ በእነዚያ ቤቶች መዝገብ የማያውቃቸው ሰዎች ይኖሩ ስለነበረ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው መኖሩን የሚያውቀው አብሮት የሚኖረው ነው። እሱም አብሮ ከሞተ፣ ወይም ከፈራ፣ ማን ይመሰክርለታል? ስለዚህ ዛሬም ቁጥሩን በሙሉ ልብ የማይቀበሉ የሠፈሩ ሰዎች አሉ።

ለኤሌክትሮን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የለም። ሁለት ኤሌክትሮኖች ቦታ ቢለዋወጡ በዓለም ላይ ሊለካ የሚችል አንዳች ነገር አይለወጥም። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ይህ ኤሌክትሮን ከየትኛው ሲሊከን መጣ ማለትም መልሱ የተሰወረ ጥያቄ ሳይሆን ትርጉም የሌለው ጥያቄ ነው። ድምሩ ልክ ከሆነ ሁሉም ልክ ነው። ግድግዳው ውስጥ የጎደለው ሙሌትና ጉድጓዱ ውስጥ የገባው እኩል ከሆነ ሂሳቡ ተዘጋ። ሰው ዘንድ ግን ድምር ሂሳብ አይዘጋም። ከስም ዝርዝሩ አንድ ስም ከጎደለ፣ የሌሎቹ ሁሉ መሞላት ያንን አይተካም።

የስደተኛው የውለታ ጥያቄም የሚወሰነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እኛ ብዙ ጊዜ ነገሩን በድምር እንመልሳለን። የሚላከው ገንዘብ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ተማሪ ያስተምራል፣ መድኃኒት ይገዛል፤ ይህን የሚያቃልል ሰው ተርቦ የማያውቅ ነው። ገንዘቡ ግን ኤሌክትሮንን ይመስላል፤ የማን እጅ እንደላከው አይናገርም። ደሴ ወይም ጎንደር ያለች እናት ጉድለቷ በጠቅላላ «ልጅ» አይሞላም። የጎደለባት ያ በስሙ የምትጠራው ነው። ገንዘብ እየላከ ለዓመታት ስልክ የማያነሣ ሰው ድምሩን ዘግቶ ስሙን እንደሰረዘ ይቆጠራል። ዕዳውም ከፍሎት ሳያልቅ ይቀራል።

በሌላ በኩል፣ ውለታ የሚመለሰው ወደ ሰጪው ተመልሶ በመጣበቅ ብቻ ነው የሚሉም አሉ። ይህም አያሳምነኝም። ሲሊከኑ ላይ ተመልሶ የተጣበቀ ኤሌክትሮን ምንም ጅረት አያስተላልፍም፤ ዲሹም ድምፅ አያመጣም። የቀሩት ሰዎች ጉድለት ለአንድ ነገር ከዋለ፣ የሄደው ሰው በተጠረገለት መንገድ እነሱ ካሉበት ሆነው ሊያደርጉ የማይችሉትን ሲያደርግ ነው። ሳይፈራ ሲናገር፣ ሲማር፣ ግራ ቀኙን ሲሰማ፣ እዚያ እርስ በርስ ሊገናኙ ያልቻሉትን እዚህ አንድ ማዕድ ላይ ሲያገናኝ።

አሁን የሚያሳስበኝ ግን ከመወፈር ይልቅ መቅጠኑ ነው። በ1980ዎቹ የመጣ ስደተኛ ደብዳቤ ለመቀበል ሳምንታት ይጠብቅ ነበር፤ መለያያው ከመጠን በላይ ወፍሮበት ብቻውን የተንገላታ ብዙ ነው። ዛሬ ስልኩ ኪሳችን ውስጥ ነው። ሀገር ቤት የተተኮሰ ጥይት ድምፁ በደቂቃ ቢልመር ይሰማል፤ ከጥይቱ ጋር ስድቡም፣ ያልተጣራው ወሬም። ከ2020ው ጦርነት ወዲህ በአንድ ዕቁብ የነበሩ፣ በአንድ ማኅበር ዳቦ የቆረሱ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሱ ሰዎች ሰላምታ ሲነፋፈጉ አይተናል። እዚያ ያለው ሰው ቁስሉ አጠገብ ስላለ ይደናቀፍ ይሆናል፤ አይፈረድበትም። እዚህ ያለው ግን ርቀት ተሰጥቶት ነበር። ርቀቱን ጥሎ እንደ እዚያ ሲደናቀፍ፣ እዚያ ያሉት በመጉደላቸው የገዙለትን ነገር አባከነ ማለት ነው። በዚያ ላይ እርስ በርስ መከላከያ የሚሆኑት የአገሩ ልጆች በተበተኑ ቁጥር፣ በስፋቱ የቀረው እያንዳንዱ ለጥቂቱ እንቅፋት ሁሉ ይጋለጣል።

ይህ ማለት «አትስሙ፣ አታልቅሱ» ማለት አይደለም። ምንም ስበት የማይደርስበት ጉድጓድ ባዶ ጉድጓድ ነው። ልክ የሆነ አንድ ውፍረት ለሁሉ ሰው ይኖራል ብዬም አላምንም፤ ትናንት የመጣ ልጅና ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው፣ ቤተሰቡ ከሞት የተረፈና ቤተሰቡ በሰላም ያለ አንድ መለኪያ አይኖራቸውም። ግን እያንዳንዱ ሰው ማታ ስልኩን ሲከፍት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ይህን የደረሰኝን ወሬ ከማስተላለፌ በፊት የማን ግፊት ነው የሚያስኬደኝ? ከቁስሉ የራቅሁትን ያህል ማየት የቻልኩት ነገር አለ ወይስ የለም? ደግሞም ዛሬ በድምር ሳይሆን በስሙ የጠራሁት ሰው ማን ነው?